ውኃ የዋጠው መንገድ፦ ሮማውያን በዳኑብ ገደል ስለጠረቡት

የወንዝ ዳር፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። ባለፈው ሐምሌ ከቤልግሬድ ተነስቼ ዳኑብን በጀልባ ወደ ታች ተከተልኩ። የጎሉባች ምሽግን ካለፋችሁ በኋላ ወንዙ ተራራ ውስጥ ይገባል። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከገደል ወደ ገደል እየተጋጨ ይወርዳል፤ ቀኙ ሰርቢያ፣ ግራው ሮማኒያ ነው። ካዛን ከተባለው ቦታ ሲደርስ ያ ሰፊ ወንዝ ጠብቦ ጠብቦ ወርዱ 150 ሜትር ገደማ ይሆናል። ካዛን በቱርክኛ ትልቅ ድስት ማለት ነው። ውኃው እንደ ፈላ ድስት ይገለባበጥ ስለነበር ነው ስሙን ያገኘው።

እዚያ ላይ ነጂው ሞተሩን ቀነሰ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ቀኝ ጎን ሄደ። ከውኃው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አለቱ እንደ ጣሪያ ተፈልፍሎ፣ ከሥሩ የተቀረጸ ሰሌዳ አለ። ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ነው። ክንፍ ያላቸው ምስሎች ግራና ቀኝ አጅበውታል፤ ከላይ ንስር ክንፉን ዘርግቷል። የትራጃን ሰሌዳ ይሉታል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ትራጃን በ100 ዓ.ም. ያስቀረጸው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሳል። እኔ ግን ዓይኔ ከውኃው ላይ አልነቀል አለ። ሰሌዳው የሚለው «ይህን መንገድ ሠራ» ነው። መንገዱ ግን የለም። ከጀልባችን ሥር፣ ከጥልቁ ውስጥ ነው። በ1964 ዩጎዝላቪያና ሮማኒያ ታች በኩል ግድብ መሥራት ጀመሩ፤ በ1972 ተጠናቀቀ፤ ውኃው ከ30 ሜትር በላይ ከፍ አለና መንገዱን ዋጠው። ሰሌዳውን ብቻ ከነአለቱ ቆርጠው ከ20 ሜትር በላይ ወደ ላይ አወጡት።

ከተመለስኩ ወዲህ ሥራዬ ስለዚህ መንገድ ማንበብ ሆኗል። ያስገረመኝን ላካፍላችሁ። ትራጃን የመጀመሪያው አይደለም። ከእርሱ በፊት በ33 ወይም በ34 ዓ.ም. ጢባርዮስ ቄሣር በዚሁ ገደል መንገድ አስጠርቧል። ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 3 ላይ የጠቀሰው ጢባርዮስ ራሱ ነው። ጌታ በኢየሩሳሌም በተሰቀለበት ዘመን አካባቢ ወታደሮች እዚህ ገደል ላይ ተንጠልጥለው ድንጋይ ይፈልጡ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ በ46 ዓ.ም. ቀላውዴዎስ አሠራ፤ በሐዋርያት ሥራ ላይ በዘመኑ ረሃብ ሆነ የተባለለት። ከዚያ በ92 ወይም በ93 ዶሚቲያን አስጠገነ። ከሁሉም ልቤን የነካው የዶሚቲያን ጽሑፍ ነው፤ መንገዱ «በእርጅናና በዳኑብ ግፊት ተበላሽቶ» ነበር ይላል። ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ ትራጃን መጣ።

አንድ መንገድ በ70 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ! ይህን መንገድ ይህን ያህል የሚያስለፋ ምን ነበረው? ደግሞስ ቀጥ ባለ ገደል ላይ ያለ ባሩድ እንዴት ጠረቡት? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ጥንቅሽ፦

በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፤ እጅዎ ይባረክ። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ገደሉ እንዲህ ክፉ ከሆነ መንገዱን በተራራው ጀርባ አዙረው ለምን አልሠሩትም? ሮማውያን ተራራ አይፈሩም ነበር። ስፋቱስ ምን ያህል ነበር? ሠራዊት ከነጋሪው ያልፍበታል?

የወንዝ ዳር፦

ጥንቅሽ፣ ጥያቄዎ ከነገሩ ሥር ገብቷል። በአለቱ ላይ የተጠረበው ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል ነበር፤ ቀሪውን ከገደሉ ወደ ወንዙ በወጣ የእንጨት ርብራብ ያሰፉት ነበር። ጋሪ ለጋሪ የሚተላለፍበት አይደለም። ለየብስ ጉዞ በተራራው በኩል የሚያልፍ ሌላ መንገድ ነበራቸው። ይህኛውን ከወንዙ ጋር ያጣበቁት ስለ መርከቦቹ ነው።

ዳኑብ የሮም ድንበር ነበር። በዳርቻው ምሽጎች ተደርድረዋል፤ ላይ በኩል በሲንጊዱኑም፣ ማለትም በዛሬው ቤልግሬድ፣ እና በቪሚናኪየም ሌጌዎኖች ሰፍረዋል፤ በገደሉ ውስጥ ታሊያታ አለ፣ ታች በኩል ዲያና አለ። ለእነዚህ ሁሉ እህል፣ ዘይትና ብረት የሚመጣው በወንዝ ነው። ወደ ታች መውረድ አደገኛ ቢሆንም ይቻላል። ወደ ላይ ግን ያን ውኃ በመቅዘፊያ ማሸነፍ አይሆንም፤ ንፋስም ገደሉ ውስጥ አይታመንም። ስለዚህ መርከቡን በገመድ አስረው ከዳርቻ ሆነው ይጎትቱታል። ጎታች ደግሞ የሚረግጠው ነገር ያስፈልገዋል። መንገዱ ያ ነው። በተራራ ጀርባ ቢያዞሩት ገመዱ አይደርስም።

እኔ ከጀልባው ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ እግሬን ቀዘቀዘኝ። እርጥብ ጣውላ ላይ ቆመህ፣ ገመድ በትከሻህ፣ ግራህ አለት፣ ቀኝህ ባዶ አየር፣ ከሥርህ የሚፈላ ውኃ። አንዱ ቢንሸራተት ገመዱ የቀሩትን ይዞ ይሄዳል።

ባለ መዶሻ፦

ጡረታ የወጣሁ የመንገድ ሥራ ሰው ነኝ። በተራራ ላይ መንገድ ቆርጠናል፤ ከሥራው አንጻር የማውቀውን ልናገር።

እንዲህ ያለውን አቆራረጥ እኛ ግማሽ ዋሻ እንለው ነበር። አለቱ ከጎንህም ከራስህም በላይ ይቀራል፤ ክፍት የሚሆነው የገደሉ ጎን ብቻ ነው። ከላይ ያለውን አለት ሁሉ ከመናድ እጅግ ይቀላል። ወጣት ሳለሁ በአገራችን ቆላ በአንድ ገደል ላይ ስንሠራ፣ ልጆቹ ወገባቸውን በገመድ ታስረው ከላይ ይወርዱና መጀመሪያ ለአንድ እግር የሚበቃ መቆሚያ በመሮና በመዶሻ ይቆርጣሉ። ከዚያ ለሁለት እግር። ከዚያ ሁለተኛው ሰው ይወርዳል። መጭመቂያ ማሽን የሚገባው በኋላ ነው። ሮማውያን ማሽኑ ይቅርባቸው እንጂ መጀመሪያው ያው ነው። መሮ፣ መዶሻ፣ ድጅኖ፣ ሽብልቅ። አለት ደግሞ ስንጥቅ አለው፤ ጥሩ ጠራቢ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ ስንጥቁ በየት እንዳለ ይነግርሃል። ጠራቢው ሲመታ «ጭል» ካለ ደህና አለት ነው፤ «ዶፍ» ካለ ውስጡ የተለያየ ነው። ይህን ከማንም መጽሐፍ አላነበብኩም፤ ከአንድ ሽማግሌ ጠራቢ ጆሮዬን ወደ አለቱ አስጠግቶ ነው ያስተማረኝ።

የእንጨቱ ነገር እንዲህ ነው። በመንገዱ ወለል ጠርዝ ላይ በየተወሰነ ርቀት አራት ማዕዘን ጉድጓድ ወደ አለቱ ይፈለፈላል። ወራጁ እንጨት እዚያ ይሰካል፤ ጫፉ ወደ ወንዙ ይወጣል፤ በላዩ ጣውላ ይረበረባል። ተማሪ ሁሉ ሊያሰላው የሚችል ነው። ችግሩ ስሌቱ አይደለም። ችግሩ ጉድጓዱ ውኃ መያዙ ነው። ከላይ ከአለቱ የሚንጠባጠበው ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ እንጨቱ ከውጭ ደህና መስሎ ከሥሩ ይበሰብሳል። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ወንዙ ግንድ ተሸክሞ መጥቶ ከሥር ይመታዋል። ስለዚህ አራት ጊዜ መሠራቱ አያስገርመኝም። «በእርጅናና በዳኑብ ግፊት» ያለው ሰው ሥራውን ያውቃል። ከአንድ ትውልድ በላይ ቢቆይ ነበር የሚያስገርመኝ።

ላቲን ወዳድ፦

ጋሼ ባለ መዶሻ፣ የጻፉት ለእኔ ትልቅ ነገር ፈትቶልኛል። የጥንት ቋንቋዎች ተማሪ ነኝ፤ ይህ ሰሌዳ በክፍል ውስጥ አጨቃጭቆናል። ጭቅጭቁን ላምጣው።

የመጨረሻዎቹ ቃላት በላቲን «ሞንቲቡስ ኤክስኪሲስ፣ አንኮኒቡስ ሱብላቲስ፣ ቪያም ፌኪት» ተብለው ይነበባሉ። ድንጋዩ በዘመናት ብዛትና ዓሣ አጥማጆች ከሥሩ ባነደዱት እሳት ስለተጎዳ፣ መካከለኛውን ሐረግ ሊቃውንት በየጊዜው በተለያየ መንገድ ሞልተውታል። ዛሬ በብዛት የሚነበበው ግን ይህ ነው። «ሞንቲቡስ ኤክስኪሲስ» ግልጽ ነው፤ ተራሮች ተቆርጠው። «ቪያም ፌኪት» መንገድ ሠራ። የሚያጨቃጭቀው መካከሉ ነው። «አንኮን» ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ክርን ማለት ነው። ከክርን ተነስቶ እንደ ክርን ወጣ ያለ ድጋፍን ይመለከታል፤ ጋሼ ወራጅ ያሉትን ዓይነት። «ሱብላቲስ» ደግሞ ከ«ቶሎ» ግስ የመጣ ነው፤ ይህ ግስ ከፍ ማድረግ ማለትም ነው፣ ማስወገድ ማለትም ነው።

እንግዲህ ትራጃን ምን አደረገ? የእንጨት ድጋፎቹን ተከለ ወይስ ነቀለ? ከፊሎቹ ሊቃውንት ድጋፍ አቁሞ መንገዱን አሰፋ ይላሉ። ሌሎቹ የበሰበሰውን የቀድሞ እንጨት አስወግዶ መንገዱን ሙሉ በሙሉ በአለቱ ውስጥ አስገባ ይላሉ። ሁለቱ ትርጉሞች ፍጹም ተቃራኒ ናቸው!

ፈረንጆቹ የክፍል ጓደኞቼ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው፤ ቋንቋቸው ሁለት ቃል አለውና። እኔ ግን ወደ አማርኛ ስመልሰው እጄ በቀጥታ «አንስቶ» ብሎ ጻፈ። ከጻፍኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እኛም ድንጋይ እናነሳለን፣ ከመሬት ወደ ላይ፤ እንቅፋትም እናነሳለን፣ ከመንገድ ላይ እንዲጠፋ። አንድ ግስ፣ ሁለት ተቃራኒ ሥራ፣ ልክ እንደ ላቲኑ።

ጥንቅሽ፦

እህታችን፣ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። የወንዝ ዳር መጀመሪያ ላይ የጻፉትን ተመልከቱ፤ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሳል ብለዋል። ሦስተኛውም እዚያው አለ።

ባለ መዶሻ፦

ከሙያዬ ብጠየቅ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የበሰበሰውን አንስቶ አለቱን የበለጠ ቆረጠ። ሦስት ነገሥታት እንጨት ሞክረው ወንዙ ሦስቱንም ካሸነፈ፣ አራተኛው ብልህ ከሆነ እንጨቱን ይተዋል። «ተራሮች ተቆርጠው» ብሎ መጀመሩም ለዚህ ይመስለኛል፤ ዋናው ሥራ ቆረጣው ነው።

የወንዝ ዳር፦

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ትራጃን የነገሠው በ98 መጀመሪያ ነው። የዚያን ዓመት መጨረሻ ወደ ዳኑብ መጥቶ ክረምቱን በዚያ አሳለፈ። ሰሌዳው የተቀረጸው በ100 ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ በገደሉ ሁሉ ላይ ሙሉ ወርዱን በአለት ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

ባለ መዶሻ፦

በገደሉ ሁሉ አይቻልም። በክፉዎቹ ቦታዎች ግን ሰው ካለ ይቻላል። ሰሌዳው የቆመውም ከክፉዎቹ ቦታ በአንዱ ነው አሉ። በሌላው ቦታ እንጨቱን አድሶ ትቶት ይሆናል። ማንም አሠሪ ደግሞ ሰሌዳ የሚተክለው በተሻለው ሥራው ላይ ነው፤ ይህ ያልተለወጠ ነገር ነው።

ሰሜነኛው፦

ውይይቱን ስከታተል ቆይቻለሁ። ሁላችሁም መንገዱን እንደ ሥልጣኔ በረከት እያያችሁት ነው፤ እስቲ ለማን እንደተሠራ እንጠይቅ። መንገዱ በ100 ዓ.ም. አለቀ። በ101 ትራጃን ዳኑብን ተሻግሮ ዳሲያን፣ የዛሬዋን ሮማኒያ፣ ወረረ። ያ ዘመቻ በ102 በእርቅ ቆመ። በ105 እንደገና ተነሳ፤ በ106 የዳሲያው ንጉሥ ዴሴባሉስ እጅ ላለመስጠት ራሱን አጠፋ፤ አገሩ የሮም ግዛት ሆነች፤ ወርቋም ወደ ሮም ተጋዘ። መንገዱ የተሠራው ለዚህ ነው። ያ ገመድ የጎተተው እህል የወራሪ ሠራዊት ስንቅ ነበር።

የወንዝ ዳር፦

ወንድሜ ሰሜነኛው፣ የተናገሩት እውነት ነው፤ አልክድም። እንዲያውም ላጠናክረው። በዚያው በ101 ትራጃን ከካዛን በታች፣ በካራታሽ አጠገብ፣ ወንዙ በድንጋይ ላይ የሚወርድበትን ቦታ ለማለፍ ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቦይ አስቆፈረ። የቦዩ ጽሑፍ በ1969 ለግድቡ ሲቆፈር ተገኘ፤ «ስለ ፏፏቴዎቹ አደጋ ወንዙን መልሶ የዳኑብን ጉዞ አስተማማኝ አደረገ» ይላል። ከ103 እስከ 105 ደግሞ የደማስቆው አፖሎዶሮስ ከዚያ በታች ድልድይ ሠራ። ርዝመቱ 1,135 ሜትር፤ 20 የድንጋይ ምሰሶ፣ በላዩ የእንጨት ቅስት። መንገድ፣ ቦይ፣ ድልድይ፣ ጦርነት፤ ሁሉም በስድስት ዓመት ውስጥ። ጠቅላላው አንድ ዕቅድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጢባርዮስ ግን ዳሲያን አልወረረም፤ ቀላውዴዎስም አልወረረም። እነርሱ የጠረቡት ድንበር ለመጠበቅ ነው። መንገዱ ለ67 ዓመት ስንቅ ካመላለሰ በኋላ ነው ለወረራ የዋለው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጢባርዮስ ጽሑፍ የቄሣሩን ስም ካስቀደመ በኋላ የሠሩትን ይጠራል፤ አራተኛው ሌጌዎን ስኪቲካ፣ አምስተኛው ሌጌዎን መቄዶኒካ ይላል። የግለሰብ ስም ባይኖርም «እኛ ነን» የሚል ድምፅ አለው። የትራጃን ሰሌዳ ላይ ግን ከትራጃንና ከማዕረጎቹ በቀር ማንም የለም። የነርቫ ልጅ፣ ጀርማኒኩስ፣ ሊቀ ካህናት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቆንስል፣ የአገር አባት። ከዚያ «ሠራ»። የጢባርዮስ ጽሑፍ ወታደሮቹን ጠርቶ ነበር፤ በትራጃን ዘመን ይህ ቀረ።

ሰሜነኛው፦

ይህን አላውቅም ነበር። የሌጌዎኖቹ ስም ያለበት ጽሑፍስ የት ደረሰ?

የወንዝ ዳር፦

የጢባርዮስና የሌሎቹ ጽሑፎች የነበሩት ከካዛን በላይ፣ ጎስፖጂን ቪር በተባለው ቦታና በአካባቢው ነበር። ቦታው ዛሬ በውኃ ሥር ነው።

ከቡካሬስት የተመለስኩ፦

ይህን ርዕስ በዚህ መድረክ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሮማኒያ ከተላኩት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። አንድ ክረምት ጓደኛዬ ቤተሰቦቹ ዘንድ ወደ ቱርኑ ሰቨሪን ወሰደኝ። የወንዝ ዳር የጠቀሱት ድልድይ የሮማኒያው ጫፍ ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ምሰሶ ቆሟል፤ ድንጋይና ጡብ፣ ከሰው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ ሣር የበቀለበት። በእጄ ነክቼዋለሁ። ከሮም በትራጃን ዓምድ ላይ የተቀረጸው ድልድይ ያ ነው። ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ እንደሚለው፣ ከትራጃን ቀጥሎ የነገሠው ሐድርያን ጠላት ይሻገርበታል ብሎ ፈርቶ የላዩን እንጨት አስነሳው።

አሁን «አስነሳው» ብዬ ስጽፍ የእህታችን ነገር ትዝ አለኝ።

መናገር የፈለግኩት ግን ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ ሰዎቹ ነው። የጓደኛዬ አያት የድሮ ኦርሾቫ ሰው ነበሩ። ኦርሾቫ ግድቡ ሲሠራ ከነሰፈሩ ሰጥሞ ሌላ ከተማ ከፍ ብሎ ተሠራ። ከኦርሾቫ በታች ደግሞ አዳ ካሌህ የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረች። ቱርኮች ይኖሩባት ነበር፤ መስጊድ፣ ምሽግ፣ የበለስ ዛፍ፣ የጽጌረዳ ማርማላታ። እሷም በ1970ዎቹ መግቢያ ሰጠመች። የመስጊዱ ታላቅ ምንጣፍ ኮንስታንጻ ወደሚገኘው መስጊድ ሄደ፤ የምሽጉ ድንጋይ በከፊል ሺሚያን ወደተባለች ሌላ ደሴት ተጫነ። ሰዎቹ ተበተኑ፤ ከፊሉ ወደ ቱርክ፣ ከፊሉ ወደ ሮማኒያ ከተሞች።

እኒያ አሮጊት በመስኮት ወንዙን እያሳዩ «ጋጣችን ከዚያ ነው፣ የዳቦ ቤቱ ከዚያ ነው» ይሉኝ ነበር። የሚያሳዩኝ ውኃ ነው። እኔ በጨዋነት ራሴን እነቀንቅ ነበር። በአገራችን እንደነዚህ ያሉትን ዛሬ የልማት ተነሺዎች እንላቸዋለን። ያን ጊዜ ቃሉን ባውቀው ኖሮ ምን ብዬ እተረጉምላቸው ነበር?

ላቲን ወዳድ፦

አባቴ፣ አስለቀሱኝ። «ተነሺ» በዚህ ውስጥ እንዳለ አላሰብኩም ነበር። ሰሌዳው ተነሳ ስንል ከፍ አለ ማለታችን ነው፤ ሰዎቹ ተነሱ ስንል ከቦታቸው ተወገዱ ማለታችን ነው። አንዱ ግድብ ሁለቱንም አደረገ።

ጥንቅሽ፦

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰሌዳውን ማንሳት ከቻሉ ጽሑፎቹንና መንገዱንስ ለምን ተዉት?

የወንዝ ዳር፦

ሰሌዳው ትልቅ ቢሆንም አንድ ነገር ነው፤ ከአለቱ ጋር ይቆረጣል፣ ይነሳል። ለፔንስኪ ቪር የተባለው የድንጋይ ዘመን መንደርም፣ በ1960ዎቹ ተቆፍሮ የተገኘው፣ ቤቶቹ ከነወለላቸው ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛውረዋል። በዚያው ዘመን በግብፅ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ከአስዋን ግድብ ውኃ ሸሽቶ ወደ ላይ ተነስቷል። መንገድ ግን አይነሳም። መንገድ ከቦታው ውጭ መንገድ አይደለም። ከአለቱ ነቅለህ ወደ ሙዚየም ብትወስደው የተጠረበ ድንጋይ ነው የምታገኘው። ይህን ስል ግድቡ ባልተሠራ እያልኩ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ለሁለት አገር ሕዝብ ነው። ነገር ግን ሰሌዳውን አድነናል ሲባል የዳነው «ሠራ» የሚለው ቃል ነው። ሥራው አልዳነም።

ባለ መዶሻ፦

በመጎተቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የመጎተት ታሪክ በሮማውያን አላበቃም። በግራው ዳርቻ ከ1833 እስከ 1837 የሃንጋሪው ባላባት ኢስትቫን ሴቼኒ በዚሁ ገደል መንገድ አሠራ፤ መሐንዲሱ ፓል ቫሻርሄይ ነበር። ባሩድ ስለነበራቸው አለቱን እያፈነዱ ነው የሄዱት። ያም መንገድ ዛሬ በአብዛኛው ሰጥሟል። በ1896 ደግሞ ትራጃን ቦይ ከቆፈረበት ብዙም ሳይርቅ በሲፕ አዲስ ቦይ ተከፈተ፤ የኦስትሪያ-ሃንጋሪው ፍራንዝ ዮሴፍ፣ የሮማኒያና የሰርቢያ ነገሥታት በተገኙበት። ቦዩ ቀጥ ብሎ ስለተቆረጠ ውኃው ይበልጥ ፈጠነ፤ መርከቦች በገዛ ሞተራቸው ወደ ላይ መውጣት ተቸገሩ። መፍትሔው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? በዳርቻው ሐዲድ ተዘርግቶ ባቡር መርከቦቹን በገመድ ይጎትት ጀመር። ግድቡ እስኪመጣ ድረስ በዚያው ቀጠለ።

ከ1,800 ዓመት በኋላ ያው ሥራ ነው። ገመድ፣ ዳርቻ፣ ወደ ላይ። ትከሻው ብቻ ተለወጠ።

ከቡካሬስት የተመለስኩ፦

የሲፕን ባቡር የጓደኛዬ አያት ያስታውሱት ነበር! ጭሱን ከማዶ እናየው ነበር ብለውኛል። ጋሼ ባለ መዶሻ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሮጊቷ ያሉኝን አሁን ነው የተረዳሁት።

ሰሜነኛው፦

እኔም አንድ ነገር ልመልስ። ከሰሌዳው ጥቂት ራቅ ብሎ በሮማኒያው ዳርቻ የዴሴባሉስ ፊት በገደሉ ላይ ተቀርጿል፤ ከ1994 እስከ 2004 የተሠራ፣ ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ። ትራጃን ያሸነፈው ንጉሥ ማለት ነው። የሚገርመው እሱም ሥር የተጻፈው በላቲን ነው፤ ያሠራው ባለጸጋ ስሙን አስገብቶ «ፌኪት» ብሏል። ሠራ። የጠረቡት አሁንም አልተጠሩም።

የወንዝ ዳር፦

አይቼዋለሁ፤ ግን ጽሑፉን ከሰሌዳው ጋር አላገናዘብኩትም ነበር። ያው ቃል መሆኑን ከእርስዎ ነው የሰማሁት።

ላቲን ወዳድ እህቴ፣ አንድ ልመና አለኝ። ያነሳሁትን ፎቶግራፍ አሳትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከሥሩ የመጨረሻውን መስመር በአማርኛ ልጽፍበት እፈልጋለሁ። እንዴት ትተረጉሚልኛለሽ?

ላቲን ወዳድ፦

ሌሊቱን ሙሉ አስቤበት ነበር። «ፌኪት»ን አልነካውም፤ እሱ ያለው ነውና። መካከሉን ግን ሳልመርጥ እንዲሁ ትቼዋለሁ፦

«ተራሮችን ቆርጦ፣ ድጋፎችን አንስቶ፣ መንገድ ሠራ።»

ባለ መዶሻ፦

ጥሩ ነው። እንደዚያው ይሁን።

ጥንቅሽ፦

የወንዝ ዳር፣ በሚመጣው ዓመት ለመሄድ አስቤያለሁ። ሰሌዳውን በመኪና ሄዶ ማየት ይቻላል?

የወንዝ ዳር፦

በሰርቢያው በኩል ከላይ የሚያልፈው መንገድ ሰሌዳውን አያሳይም፤ ገደሉ ይከልለዋል። በጀልባ ነው የሚሻለው። ከክላዶቮም ከተኪያም ጀልባ ይነሳል። ከቤልግሬድ በኩል ወደ ታች የሚወርዱ ከሆነ አስቀድመው በቀኙ ጎን ይቁሙ፤ ሌላው ሲሮጥ ቦታ ይይዛሉ። ሰሌዳውን ካዩ በኋላ ዓይንዎን ቀጥ አድርገው ወደ ታች፣ ወደ ውኃው ይጣሉት።